በጡት እናቴ ደጅ ያለፍንባቸው ማለዳዎች

እኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሦስት ነገር ነው፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለስደተኛ። ባለቤቴ ግን አራተኛ ካልጨመርኩ ብላ ተነሣች።

«ለዕረፍት» አለችኝ አንድ ቅዳሜ ቀን። የጋምቤላ ሙቀት የባሰበት ወር ነበር፤ ቆርቆሮው ከላያችን ይንጣጣል፣ ውሻችን የውኃ በርሜሉን ተጠግቶ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። «ሰው ለዕረፍት ድንኳን ይተክላል። ካምፒንግ ነው። ጠዋት ትንሽ ይሄዳል፣ ከሰዓት ትንሽ ይሄዳል። ሩቅ የለም፣ ዳገት የለም። ልጅ ይችላል፣ ውሻ ይችላል። ከዚያ ተመልሶ ሻይ ይጠጣል። አለቀ።»

ይህን የምትለኝ ሴት ከሰኞ እስከ ዓርብ በድንኳን መካከል የምትውል ናት። ሥራዋ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ነው፤ የማን መጠለያ አረጀ፣ የማን አፈሰሰ እያለች ስትመዘግብ ትውላለች። «ድንኳን አልሰለቸሽም እንዴ?» አልኳት።

«የሰለቸኝ የሰው ድንኳን ነው» አለችኝ። «የራሴ ኖሮኝ አያውቅም።»

እኔ በበኩሌ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የመንገደኛ ሻንጣ እመዝናለሁ። አገሩ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሚዛኔን ትቼ የትም አልሄድም። ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን የአባቷን አገር ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ታዝላ። ስለዚህ ባለቤቴ የመረጠችው ቦታ ገና ሳትናገረው ገባኝ፤ መቲ አጠገብ፣ አባቴ ዘንድ፣ ጫካው ጥግ። «እሺ» ለማለት ግን አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ምክንያቴን ያኔ ለማንም አልነገርኩም።

ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው መቲ ያለችበት ጎደሬ ላይ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚያው ነው። በተወለድኩ በሳምንቱ እናቴን ወባ ጣላት፣ ጡቷም ደረቀ። ከቤታችን ወረድ ብሎ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረች፤ ከእኔ ሁለት ወር ቀድሞ ወንድ ልጅ ተወልዶላት ታጠባለች። ተቀበለችኝና ልጇን በግራ፣ እኔን በቀኝ አድርጋ አጠባችን። እናቴ ካገገመች በኋላም አልተወችኝም፤ ጦም ሲፈታ ከእኛ ቤት፣ ኢድ ሲሆን ከእነሱ ቤት እየበላሁ አደግሁ። ሁለት እናት ያለኝ ሰው ነበርኩ። አንደኛዋ ካረፈች አምስት ዓመት አልፏታል። ሁለተኛዋ አለች፤ እማ ነው የምላት።

አብሮኝ የጠባው ልጇ ጁባ ሄዶ የጭነት መኪና ሊነዳ ተነሣ። አዲስ አበባ ድረስ የሚበረው ከጋምቤላ ስለነበር እኛ ቤት አድሮ፣ በነጋታው ሻንጣውን የመዘንኩት እኔው ነኝ። ከተፈቀደው ሦስት ኪሎ በለጠ። ከፍተን ስናየው እናቱ ያሰረችለት የጫካ ማር ነው። ማሩን አውጥቶ «ለልጅህ ስጣት» ብሎኝ እየሳቀ ገባ። በኋላ እማ ደውላ «ማሩንስ ይዞ ሄደ?» ስትለኝ «እየላሰ ነው የሄደው» አልኳት። ውሸት እንዲህ ቀላል ሆኖ ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ ላይ ዓርብ ዓርብ ይደውልላት ነበር። ከዚያ ቀረ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር እያለ፣ እኛ ወደ መቲ ለመሄድ ስንነሣ ድምፁ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ቁጥሩን ብደውል ብደውል አይሠራም። ጁባ ደርሰው የተመለሱ ሰዎችን ጠየቅሁ፤ አንዱ አይቼዋለሁ ይላል፣ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል ይላል፣ ሌላው ዝም ይላል። እማ ደግሞ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ ከአገሩ ሰው መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኛ! የምነግራት ሲጠፋኝ ስልኳን ማንሣት ተውኩ። ይህን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን የሆነው ይኸው ነው። ያጠባችኝ ሴት ስትደውል ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ፒክአፑን አዋሰን። ዕቃውን ከኋላ ጫንን፤ ውሻው ግን ከልጄ እግር ሥር ካልሆንኩ ብሎ ጋቢና ገባ። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። የባሮን ወንዝ ሙቀት የለመደችው ባለቤቴ ከመኪናው ወርዳ ሁለቱን ክንዶቿን አቀፈች። «ይኼ አየር ነው ወይስ ፍሪጅ?» አለች።

አባቴ አገላብጦ ስሞን ሲጨርስ ድንኳኑን አየው። ፊቱ ተለወጠ።

«ምነው፣ ቤቱ ጠበባችሁ?»

«ለመዝናናት ነው፣ አባዬ።»

«እኔ ከላስቲክ ሥር ለመውጣት ስንት ክረምት ፈጀብኝ! አንተ ልጅህን ይዘህ ተመልሰህ ትገባለህ?»

ባለቤቴ ጣልቃ ገባች። የጋምቤላ ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ስለሆነ አባቴንም «አንተ» ነው የምትለው፤ እሱም ከእሷ ሲሆን ይወደዋል። «አባባ፣ አንተም ትገባለህ። ቦታ አለ» አለችው። አኩርፎ ሊቆይ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ ከለከለ። ድንኳኑ ከመንገድ እንዳይታይ። «ከደጃፌ ድንኳን ያየ ሰው ሞቷል ነው የሚለኝ። ነገ አገሩ ሁሉ ንፍሮ ይዞ ይመጣብኛል» አለ። ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ፣ ቡናው መካከል ያለች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተከልነው። ባለቤቴ ካስማውን ስትመታ አባቴ ዳር ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላታል። የሁለቱም እጅ ሥራውን ሲያውቀው ገረመኝ፤ እኔ ብቻ ነበርኩ ገመዱን አሳስቼ ያሰርኩት።

በነጋታው የመጀመሪያው ጉዟችን ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከድንኳኑ ተነሥተን በቡናው ውስጥ ወደ ወንዙ ወርደን መመለስ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ልጄ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎችን እየቆጠረች ትሄዳለች። ውሻው የከተማ ውሻ ነው፤ ጋምቤላ ላይ መኪና የማይፈራው ጀግና አንዲት ጥጃ ፊት ለፊት ስትመጣበት ልጄ ቀሚስ ሥር ተወሸቀ። ባለቤቴ ወንዙ ውስጥ እግሯን ነክራ እየሳቀች ጮኸች፤ ከብርዱ ይሁን ከደስታው አላወቅሁም። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ለምን ዘገየሁ ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

ችግሩ መንገድ ላይ የምናገኘው ሰው ነው። በገጠር መንገድ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጥያቄው አንድ ነው፤ ወዴት ናችሁ?

«ዝም ብለን ነው» አልኩ ለመጀመሪያው ሰውዬ።

«ዝም ብሎ?» ልጄን አየ፣ ሚስቴን አየ፣ ውሻውን አየ። «ደኅና ናችሁ ግን?»

ሁለተኛው ሰው የምንሄድበት ጠፍቶን መስሎት ሊያደርሰን ተመልሶ ከኋላችን መጣ። የት ልታደርሰን ነው ስለው «ወደምትሄዱበት» አለኝ። በስንት ምርቃት ነው የሸኘነው። ሦስተኛዋ ጭድ የተሸከመች ሴት ነበረች፤ ሸክሟን ሳታወርድ ቆማ መልስ ስትጠብቅ አሳዘነችኝ። «ፍየል ጠፍታብን ነው» አልኳት። ፊቷ በራ። «አፋልጉኝ በሉ እንጂ!» ብላኝ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ሻይ ይዘን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከላይ በኩል ያሉት ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለየው ሽማግሌ ጎረቤታችን አንዲት ጥቁር ፍየል በገመድ እየጎተቱ መጡ። ላብ በላብ ሆነዋል። «ይቺ ናት?» አሉኝ።

ልጄ ፍየሏን አቅፋ «ናት!» አለች። አባቴ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፍየል እንዳልጠፋብን፣ የእግር ጉዞ የሚባል ነገር እንዳለ፣ እሱም ለምንም እንዳልሆነ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ታዲያ ይህን ብትል ምን ነበረበት?» አሉና የሰው ፍየል ይዘው ወደ ባለቤቷ ፍለጋ ተመለሱ።

አባቴ እሳቸው እስኪርቁ ጠበቀ። «ነገ እኔ ራሴ ነኝ የምመራችሁ። ከእኔ ጋር ስትሆኑ ማንም ወዴት አይላችሁም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ዛሬ ወደ ወንዙ ስትወርድ በላይኛው መንገድ ዞረህ ነው የሄድከው። አይቼሃለሁ። እናትህን ሳታያት ልትመለስ ነው?»

«የምላት የለኝም፣ አባዬ።»

«እሷ የምትፈልገው አንተን እንጂ ወሬህን ነው?» አለኝ።

ልጄ ጉሬዛ ማየት ትፈልግ ነበር፤ ነጭና ጥቁር ጠጉራቸውን በመጽሐፍ አይታዋለች። አባቴ ጉሬዛ የሚጮኸው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ያኔ ነው ከጫፍ ወርዶ ቅጠል የሚበላው አላት። የሚያድሩት ደግሞ ከእማ ቤት በታች ያሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ነው። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ጎህ ሲቀድ ተነሥተን በእማ ደጅ አልፈን ጉሬዛውን እናያለን፤ ስንመለስ እኔ ብቻዬን እገባለሁ። ምን እንደምላት ስጨነቅ አደርኩ።

ሲነጋጋ ጭጋጉ ቡናው ላይ ተኝቷል። ባለቤቴ ትንቀጠቀጣለች፤ አባቴ ሳጥን ከፍቶ የእናቴን ነጠላ አወጣላት። እሱ ጋቢውን ተከናንቧል። ሽማግሌው ጎረቤታችንም ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ በፍየሏ የተነሣ የጉዞው ሸሪክ የሆኑ መስሏቸዋል መሰለኝ። ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አንድም ሰው እንዳይናገር ሁላችንንም አስማለች። ውሻውን በገመድ ይዤው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ከዚያ እኔና ባለቤቴ፣ ልጄ ከኋላችን ሆነን ወረድን። ጭቃው ስለሚያንሸራትት ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን እግር እግራችንን እያየን ነው የምንሄደው። ከታች ጉሬዛዎቹ ጀመሩ፤ ያ ወፍጮ የሚመስል ድምፃቸው ከዛፍ ዛፍ ይቀባበላል። ልጄ ከኋላ ሸሚዜን ጨብጣ ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። በእውነት፣ ለጥቂት ደቂቃ የምሄድበትን ረስቼ ነበር።

እማ ደጇ ላይ ነበረች። ሰግዳ ጨርሳለች፤ ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች አጥሩ ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች።

አየችን። እኔም እሷ ያየችውን፣ በእሷ ዓይን ሆኜ አየሁት።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሰውዬው ለሥራ ከቤቱ ሳይወጣ ሽማግሌዎች ይሰባሰባሉ፣ ሟቹን የሚያውቅ የቅርብ ሰው ይይዛሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው አንድም ቃል ሳይናገሩ ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዓይነት፣ ሰው ወደ ሰው ቤት የሚሄድበት ሌላ ምክንያት የለም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከፊት፤ ከኋላቸው ልጇን መጨረሻ ያየሁትና ስልኳን የማላነሣው እኔ። ባለቤቴ ደግሞ የነጠላ ነገር አታውቅም፤ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አድርጋዋለች። የሐዘንተኛ አለባበስ ነው። ከቤት ስንወጣ ገና ድንግዝግዝ ስለነበር አንዳችንም አላስተዋልንም።

ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ።

«ወይኔ ልጄን!»

ያ ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መሬቱ ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች። አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ አፉን ከፍቷል፤ ስንት መርዶ የነገረ ሽማግሌ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። እኔ ደረቅሁ። የመርዶውን ነገር የማታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ ሴትዮዋን የታመመች መስሏት ሮጣ ሄዳ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። እማም የዚያን ነጠላ ጥለት ፊት ለፊት ስታይ ጩኸቷ ባሰ። ከላይና ከታች በር ሲከፈት ይሰማል። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መሮጥ ጀምራለች።

ገመዱ ከእጄ ያመለጠው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ውሻው በሁላችን መካከል አልፎ ሄደና ከማንቆርቆሪያው የፈሰሰውን ውኃ ይልስ ጀመር። ጭራው ይወዛወዛል። ልጄም መሐላዋን ረስታ «ና! ና አንተ ባለጌ! የሰው ውኃ ነው!» እያለች፣ ብስኩት በእጇ እንደያዘች ተከትላው ሮጠች።

እማ ለቅሶዋን አቆመች። ውሻውን አየች። ልጄን አየች፣ ብስኩቱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን።

«ውሻ?» አለች። «ውሻ ይዞ መርዶ የሚመጣ የት አገር ነው ያለው?»

«መርዶ አይደለም፣ እማ። ጉሬዛ ልናይ ነው።»

«ጉሬዛ?»

«ጉሬዛ» አለች ልጄ። «ጮኻችሁባቸው ሸሹ!»

እማ ተነሣች። ወደ እኔ መጣችና በጭቃ እጇ ደረቴን አንዴ መታችኝ፣ ደገመችኝ። ሦስተኛውን ስትሰነዝር አቅፋኝ ቀረች። «ገደልከኝ» ትለኛለች። «ገደልከኝ እኮ፣ አንተ ልጅ። ልጄ ሞተ ብዬ ጨርሼ ነበር።» እኔም አለቀስኩ። ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ነው፣ ሚስቴና ልጄ እያዩኝ ነው፣ ግድ አልነበረኝም።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው ለሚሮጡት ጎረቤቶች «ተመለሱ! ጉሬዛ ነው! ጉሬዛ ነው!» ይላሉ። ሰዎቹ ምን እንደገባቸው እግዜር ይወቅ። አንዳንዶቹ ለማረጋገጥ እስከ ደጁ መጥተው፣ ውሻውን አይተው፣ ፈገግ ብለው ተመለሱ።

ቤት አስገብታን ትኩስ ወተት ሰጠችን፤ ለውሻውም ከደጅ በሰባራ ሳህን ቀዳችለት። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን አውቄ እንዳላነሣሁት፣ የምላት ስለሌለኝ እንደነበር። ማሩንም ልጄ እንደበላችው። ማሩን ስነግራት ባለቤቴ ቀና አለች፤ ለእሷም አልነገርኳትም ነበርና።

«ጣፈጣት?» አለች እማ።

«ጣፈጣት።»

«እንግዲህ የልጄ ልጅ አይደለች?» አለች። ተቆጥቶኝም ሰው እንዲህ አላሳፈረኝም።

ባለቤቴ የመርዶውን ነገር በሙሉ ከአባቴ ሰምታ አላመነችም። «እኛ ቤት ሰው ከሞተ ያኔውኑ ነው የሚነገረው። ለምን ጠዋት ይጠብቃል? ሌሊቱን ሁሉ ሌላው ሰው ያውቃል፣ እናት ብቻ አታውቅም?» አለች። ነጠላውን አውልቃ ጭኗ ላይ አጣጥፋዋለች። «እማማ፣ ሶሪ። እኔ ይሄን ልብስ አላውቅም።»

እማ ነጠላውን ተቀብላ ዘረጋችው። ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት። «አንቺ ምን አጠፋሽ» አለቻት። «ያ ሰዓት ነው የተበላሸብኝ። ሰባት ወር ሙሉ ሰግጄ ስጨርስ እዚያ አጥር ላይ ነው የምቆመው። ሰው ብቅ ባለ ቁጥር፣ ወተት የሚያደርስም ይሁን ቡና ለቀማ የሚሄድ፣ ልቤ ቀጥ ይላል። እስኪያልፍ አልተነፍስም። ካለፈ በኋላ ነው ቀኑ የሚጀምርልኝ።»

«ይቅርታ፣ እማ። ነገ በላይኛው መንገድ ነው የምንሄደው» አልኳት።

«አይሆንም!» አለችኝ፣ እስክደነግጥ። «ነገም በዚሁ ኑ። በዚሁ ሰዓት። ሽማግሌዎቹንም ይዘሃቸው ና፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ይምጡ። ሰው በዚህ ሰዓት ለምንም ነገር ሳይሆን እንደሚመጣ ልቤ ይልመደው።»

አባቴ አቀርቅሮ ነበር። «እንመጣለን» አላት።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ መጣን። አጥሩ ላይ ነበረች፤ እጇ እንጨቱን ጨብጦታል። ጋቢዎቹ ከጭጋጉ ሲወጡ ትንፋሿን ስትይዝ ከሩቅ አየኋት። አባቴ ገና ከላይ ሆኖ «እኛ ነን!» ብሎ ሊጮኽላት ነበር፤ እጇን አውለብልባ ከለከለችው። ዝም ብለው እንዲመጡ ነው የፈለገችው። ዝም ብለን መጣን። በፊቷ ስናልፍ አንድ በአንድ ቆጠረችን፤ ሽማግሌዎቹን፣ እኔን፣ ባለቤቴን፣ ልጄን፣ ውሻውን። ከዚያ ነው የተነፈሰችው። ጉሬዛዎቹን ያን ቀን አየናቸው፤ አንዷ ነጭ ግልገል ታቅፋ ነበር። ስንመለስ ልጄ ሁሉንም ነገረቻት፣ እማም «ነጭ? በነጭ ተወልዶ በኋላ ይጠቁራል» አለቻት።

በሦስተኛው ማለዳ ከአጥሩ ራቅ ብላ ቆማ አገኘናት። በአራተኛው በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንዳየችን ለመነሣት ብድግ አለችና ሐሳቧን ለውጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ልጄ ጉሬዛዎቹን ጠግባቸው ነበር። ባለቤቴም ብርዱን ለምዳዋለች፤ ስለ ጉሬዛ የሚያነሣ ሰው ግን አልነበረም። ለምን በማለዳ እንደምንነሣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በአምስተኛው ማለዳ፣ ድንኳኑን ልንነቅል በተነሣንበት ዋዜማ፣ አባቴ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ጠበቀኝ። «ይህን ነገር በደንብ አስበኸዋል?» አለኝ ቀስ ብሎ። «በእውነት የሚያስመጣ ቀን ቢመጣ፣ የምንመጣው እኔና አንተ ነን። በዚሁ መንገድ ነው። እሷም አትደነግጥም።» አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሳላስበው የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ይህን ስጽፍ ከልጇ አሁንም ወሬ የለም፤ ሞተም ኖረም የሚል ሰው የለም። ስትደውልልኝ አነሣለሁ። የምላት ባይኖረኝም አነሣለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስለ ውሻው ነው የምናወራው።

ያን ማለዳ ከአባቴ ጋር ተያይዘን ወረድን። ሽማግሌው፣ ባለቤቴ፣ ልጄ ከኋላ አሉ። አጥሩ ላይ ሰው የለም። በሩ ላይም የለም። ደንግጬ ዓይኔን ስወረውር ከቤቱ ጎን አገኘኋት። ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ ግንባሯን የላሟ ሆድ ላይ አስደግፋ ታልባለች። ወተቱ ዕቃው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። የእግራችንን ድምፅ ሰማች፤ የስድስት ፍጡር እግር ጭቃ ላይ እንዴት አይሰማም! እጇ አላቋረጠም።

«እለፉ፣ እለፉ» አለች፣ ሳትዞር።